ፍጥነት ከማስጨመራችሁ በፊት ውስጡን እዩት

(ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ቢሮና ንግድ ቤት ላላቸው ሰዎች በተጠራ ስብሰባ ላይ የተናገርኩት ነው። አንድ ወንድማችን በስልኩ ቀድቶት ስለነበር ብዙም ሳልነካካው እንዳለ ገልብጬዋለሁ፣ የተደጋገመውም እንደተደጋገመ ነው።)

እንደምን ዋላችሁ! ኧረ ምሳ ያልበላችሁ ትመስላላችሁ፣ እንደምን ዋላችሁ! እሺ፣ አሁን ገና ሰማሁ። በመጀመሪያ ከገላን፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከአቃቂ ድረስ አቧራውን ችላችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። አዳራሹን ለፈቀዱልን ጋሼ፣ ቡናውን ለሚያፈሉልን እናቶች እግዜር ይስጥልን። ብዙዎቻችሁ እኔን የምታውቁኝ መሰላል ላይ ቆሜ ኬብል ስጎትት ነው፣ ማይክ ይዤ ሳይሆን፣ ስለዚህ ድምፄ ከተንቀጠቀጠ እለፉኝ።

እስቲ እጅ አውጡልኝ። ቢሮው ኢንተርኔት እየተንቀራፈፈ ያስቸገረው? ኡኡ! ሁሉም! እሺ አውርዱ። አሁን ደግሞ ቢሮው ውስጥ ስንት ራውተር እንዳለ በእርግጠኝነት የሚያውቅ እጁን ያውጣ። ... ሁለት ሰው። ሶስት። አያችሁ? የዛሬው ወሬዬ ሁሉ እዚህ ጋ ነው ያለው። መስመሩን ሁላችንም እናማርራለን፣ መስመሩ ከግድግዳው ወጥቶ ወዴት ወዴት እንደሚሄድ ግን የሚያውቅ የለም። አቅራቢው ምንም ጥፋት የለበትም እያልኩ አይደለም፣ መስመር ይበጠሳል፣ መንገድ ሲቆፈር ፋይበር ይቆረጣል፣ እሱን ሁላችንም አይተናል። ግን እኔ ከምጠራባቸው ቢሮዎች አብዛኛው ጋ ችግሩ ከግድግዳው ወዲህ ነው። ከግድግዳው ወዲህ! ሰው ግን የሚሄደው ፓኬጅ ለማስጨመር ነው። ብር ለመጨመር ነው የሚሮጠው።

ሶስት ነገር ነው የማወራው። አንድ፣ አንድ መስመር እንዴት ለሃያ ሰው እንደሚዳረስ። ሁለት፣ ቢሮው ውስጥ አለቃው ማን እንደሆነ። ሶስት፣ መስመሩን ማን እየበላው እንደሆነ። ወደ ወሬ ከወጣሁ ደግሞ መልሱኝ፣ እወጣለሁና።

አንደኛውን ከኢንተርኔት ካፌ ልጀምር። ተማሪ ሆኜ ክረምት ክረምት ቃሊቲ አንድ ካፌ ውስጥ እሰራ ነበር። ሞደሙ አንድ ነው፣ የተሰካው ገንዘብ ተቀባዩ ኮምፒውተር ላይ ነው፣ ሌሎቹ ኮምፒውተሮች ሁሉ በእሱ በኩል ነው የሚወጡት። ዊንዶውስ 98 ሁለተኛው እትም እ.ኤ.አ. በ1999 ሲወጣ ኢንተርኔት ኮኔክሽን ሼሪንግ የሚባለውን ነገር ይዞ መጣ፣ አንድ ቦታ ምልክት ታደርጋለህ በቃ፣ ያ ኮምፒውተር 192.168.0.1 የሚል አድራሻ፣ እንደ ቤት ቁጥር በሉት፣ ይይዝና ለሌሎቹም አድራሻ ማደል ይጀምራል። በዛን ጊዜ ለኛ አስማት ነበር። ችግሩ ምንድነው፣ ገንዘብ ተቀባዩ ጌም ይወዳል። ጌሙ ኮምፒውተሩን ያደርቀዋል፣ ኮምፒውተሩ ሲደርቅ ካፌው ሙሉ ይደርቃል፣ ከአስሩም ወንበር "ኧረ ቆመ! ኧረ ደቂቃውን አቁሙልን!" የሚል ጩኸት ነው። ሪስታርት ሲያደርገው ኢሜይሉን ግማሽ ላይ ያደረሰው ሰውዬ እንደገና ሀ ብሎ ይጀምራል።

ይሄንን ለምን አነሳሁት? ያ ዘመን አለፈ ብላችሁ እንዳታስቡ። እዚህ ያላችሁ ቢሮዎች ውስጥ አሁንም በሥራ አስኪያጁ ስልክ ሆትስፖት የሚሰሩ አሉ። ሥራ አስኪያጁ ለስብሰባ ሲወጣ ኢንተርኔቱም ኪሱ ውስጥ ሆኖ አብሮት ይወጣል። ልጆቹ ተቀምጠው ግድግዳ ያያሉ። የቢሮ መስመር የማንም ሰው ኮምፒውተር ላይ፣ የማንም ሰው ስልክ ላይ መንጠልጠል የለበትም። ሥራው ያ ብቻ የሆነ ዕቃ ይኑረው፣ ራውተር።

ራውተሩ ምን ያደርጋል? ተመልከቱ፣ አንድ ትልቅ ግቢ ውስጥ ሃያ ተከራይ አለ እንበል፣ ከውጪ የሚታወቀው ግን የግቢው ቁጥር ብቻ ነው። በር ላይ ዘበኛው ጋሼ ደብተር ይዘው ተቀምጠዋል። ከሰባት ቁጥር አንዱ ዕቃ ሲያዝ "ይሄ የሰባት ቁጥር ነው" ብለው ይፅፋሉ፣ ዕቃው በግቢው ስም ይመጣል፣ ደብተራቸውን አይተው ለሰባት ቁጥር ያደርሳሉ። ማንም ያላዘዘው ነገር ከመጣ "የማን እንደሆነ አላውቅም" ብለው ይመልሱታል። በቃ ይሄው ነው፣ ኤንኤቲ የምንለው ይሄው ነው። ደብተሩ ላይ የሚፃፈው ፖርት የሚባል ቁጥር ነው፣ እስከ 65,535 ይሄዳል። ግን ርካሽ የቤት ራውተር ሜሞሪው ትንሽ ስለሆነ ደብተሩ ቶሎ ይሞላል። አንድ ስማርት ስልክ ብቻውን፣ ኪስ ውስጥ ተቀምጦ እንኳ፣ ብዙ ግንኙነት ይከፍታል፣ ቴሌግራሙ፣ ፌስቡኩ፣ ኢሜይሉ፣ አፕዴቱ። ለአምስት ሰው ቤት የተሰራ ራውተር ላይ አርባ ስልክ ስትጭኑበት "ሪስታርት ሲደረግ ይሰራል፣ ከሰዓት ይሞታል" የምትሉት ነገር ከዚህም ሊመጣ ይችላል።

ለምን እንዲህ ተደረገ ብትሉ፣ አድራሻ አልበቃም። የድሮው አይፒ አድራሻ ጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ገደማ ነው፣ ይሄ የዓለም ህዝብ፣ ስንት ስልክ፣ ስንት ካሜራ፣ ስንት ቴሌቪዥን እያለ። አዲስ አድራሻ ለዓለም የሚታደልበት ማዕከላዊው መጋዘን እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ ላይ አለቀ። ኤንኤቲ ግን ከዛ ቀድሞ በ1994 ነው የታሰበው፣ በ1996 ደግሞ ለግል ኔትወርክ ብቻ የሚሆኑ አድራሻዎች በደንብ ተለይተው ተቀመጡ፦ በ10 የሚጀምሩት፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ያሉት፣ እና ይሄ ሁላችሁም ራውተር ጀርባ ላይ የምታዩት 192.168 የሚለው። እነዚህ ውጪ አይወጡም። ስለዚህ መርካቶ ያለ ሱቅም እዚህ ያለ ክሊኒክም እኩል 192.168.1.1 ቢሉ አይጋጩም፣ አይተዋወቁማ።

እዚህ ጋ አንዲት ነገር ልጨምር፣ ገንዘብ የሚያስበላ ስለሆነ። አንድ ገላን ሱቅ ያለው ሰው ካሜራውን ውጪ ሀገር ሆኖ ማየት ፈልጎ ለአንዱ ባለሙያ "ፖርት ክፈትልኝ" ብሎ ከፈለው፣ አልሰራም፣ ለሌላው ከፈለ፣ አልሰራም። ሊሰራም አይችልም ነበር! ለምን መሰላችሁ፣ ከሱ ዘበኛ በላይ ሌላ ዘበኛ ነበረ። አቅራቢዎች አድራሻ ስለሚያጥራቸው ብዙ ደንበኛን በአንድ የውጪ አድራሻ ያወጣሉ፣ በተለይ በሲም ካርድ የሚሰራ መስመር ላይ። ለዚህ ተብሎ ከ100.64 እስከ 100.127 ያለው አድራሻ በ2012 ተለይቶ ተቀምጧል፣ እ.ኤ.አ. ነው አሁንም። ማወቂያው ቀላል ነው፣ ራውተራችሁ ውስጥ ግቡና ዋን የሚለው ጋ፣ የውጪው መስመር ማለት ነው፣ ያለውን አድራሻ እዩ፣ ከዛ ጎግል ላይ "የኔ አይፒ ስንት ነው" ብላችሁ የሚመጣውን እዩ። ከተለያዩ ፖርት ለማስከፈት ሳንቲም አታውጡ። ወይ አቅራቢውን ቋሚ የውጪ አድራሻ ጠይቁ፣ በክፍያ ነው፣ ወይ የካሜራውን የራሱን አፕ ተጠቀሙ፣ እሱ ከውስጥ ወደ ውጪ ስለሚደውል ያልፋል።

እሺ ወደ ሁለተኛው። አለቃው ማነው?

አንዲት እናት ሂሳብ ቢሮ አላቸው፣ ስም አልጠራም፣ እዚህም አሉ መሰለኝ እየሳቁ ነው። ደወሉልኝና "የኔ ልጅ፣ ፒችትሪው አልከፍት አለ፣ ኢንተርኔቱን በእጥፍ አስጨምሬ እንኳ!" አሉኝ፣ ፒችትሪ የሂሳብ ፕሮግራማቸው ነው። እኔ መጀመሪያ ያልኳቸው ምንድነው፣ "እትዬ፣ ፒችትሪ እኮ ኢንተርኔት አይፈልግም።" ዝም አሉ። እናንተም ዝም አላችሁ! እውነቴን ነው። ፋይሉ ያለው ሰርቨር ብላችሁ ያስቀመጣችሁት ኮምፒውተር ላይ ነው፣ ሌሎቹ የሚያገኙት በውስጥ ኬብል ነው። ኢንተርኔት ለሳምንት ቢጠፋ ፒችትሪ መስራት አለበት፣ ፕሪንተር መስራት አለበት፣ በኔትወርክ ሼር የተደረገ ፎልደር መከፈት አለበት። የውስጥ ኔትወርክና ኢንተርኔት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሁለት የተለያዩ! ይሄን ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ቅር አይለኝም።

ሄድኩኝ። አንዱ ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብዬ ጥቁሩን መስኮት ከፍቼ አይፒኮንፊግ አልኩት፣ የኮምፒውተሩን አድራሻ የሚያሳይ ትዕዛዝ ነው፣ 192.168.0.104 አለኝ፣ ጌትዌይ፣ መውጫ በሩ ማለት ነው፣ 192.168.0.1። አጠገቡ ያለው ላይ 192.168.1.23 አለኝ፣ ጌትዌይ 192.168.1.1። ሰርቨሩ 192.168.1 ላይ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጡ ሁለት ኮምፒውተሮች ሁለት ሰፈር ሆነዋል! ግማሹ ሰራተኛ ፒችትሪ ያገኛል ግማሹ አያገኝም፣ ደግሞ ነገ ጠዋት ሲበራ ይገለባበጣል፣ ትናንት ያገኘው ዛሬ ያጣል። እና ሰው ያብዳል። ኬብሉን እየተከተልኩ ሄድኩ፣ ሄድኩ፣ ከፋይል ካቢኔቱ ጀርባ አንድ ነጭ ራውተር አረንጓዴ መብራቱን ብልጭ እያደረገ ተቀምጧል። ማን አመጣው? አንዱ ልጅ ዋይፋይ ጓዳው ድረስ አልደርስ ስላለው ከቤቱ የተረፈ ራውተር አምጥቶ ሰክቶታል። ክፋት የለውም ልጁ፣ እንዲያውም ጎበዝ ነው። ግን ያ ራውተር ሲወለድ ጀምሮ አድራሻ ማደል ነው የተማረው፣ ስትሰኩት "እኔ ነኝ አለቃ" ይላል። ዋናውም "እኔ ነኝ" ይላል። ኮምፒውተሩ ሲበራ "አድራሻ የሚሰጠኝ ማነው?" ብሎ ይጠይቃል፣ ቀድሞ የመለሰለትን ይቀበላል። ዕጣ ነው በቃ።

መፍትሄው ራውተሩን መጣል አይደለም። ሁለተኛው ራውተር አክሰስ ፖይንት ይሁን፣ ማለት ዋይፋይ ብቻ ይርጭ። ሦስት ነገር ነው፦ ዲኤችሲፒ የሚለውን፣ አድራሻ ማደሉን ማለት ነው፣ አጥፉ፣ የራሱን አድራሻ ከዋናው ጋር የማይጋጭ አድርጉ፣ ለምሳሌ 192.168.1.2፣ ዋናው የማያድለው ይሁን፣ ከዛ ከዋናው የሚመጣውን ኬብል ከቢጫዎቹ ቀዳዳዎች አንዱ ላይ ሰኩት፣ ዋን ወይም ኢንተርኔት ከሚለው ሰማያዊው ላይ ሳይሆን። የአንዳንዱ ቀለም ይለያል፣ ፅሁፉን አንብቡ። ሰማያዊው ላይ ብትሰኩትም ኢንተርኔቱ ይሰራል፣ ለዛ ነው ሰው የሚሸወደው፣ ግን ኤንኤቲ በኤንኤቲ ላይ ይሆንና ፕሪንተሩ ከዛ ማዶ አይታይም።

ፕሪንተርና ሰርቨር ደግሞ አድራሻቸው አይቀያየር፣ ራውተሩ ውስጥ ገብታችሁ ለነሱ አስይዙላቸው። ጠዋት ጠዋት "ፕሪንተሩ ኦፍላይን ነው ይላል" የሚባለው ዘፈን አብዛኛው ከዚህ ነው። እና አይፒኮንፊግ ስትሉ በ169.254 የሚጀምር ካያችሁ፣ እሱ አድራሻ አይደለም፣ ኮምፒውተሩ ጠይቆ ጠይቆ የሚሰጠው ሲያጣ ለራሱ ያወጣው ነው። እሱን ስታዩ ለአቅራቢው አትደውሉ፣ ኬብሉን ነካ ነካ አድርጉ፣ ስዊቹ፣ ኬብሎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ሳጥን፣ በርቶ እንደሆነ እዩ።

ስለ ስዊች ካነሳሁ... ሰዓቴ ስንት ነው? እሺ ፈጠን ልበል። አንድ መጋዘን ውስጥ፣ ከአቃቂ ወዲህ ነው፣ ቅዳሜ ፅዳት ተደርጎ ሰኞ ሁሉም ነገር ሞቶ ጠበቃቸው። ኢንተርኔት የለ፣ ፕሪንተር የለ፣ ካሜራ የለ። ስዊቹን ሳየው መብራቶቹ ሁሉ እኩል፣ በአንድ ላይ፣ እንደ እብድ ያርገበግባሉ። ምን ሆኖ ነው? የምታፀዳው እህታችን ጫፉ መሬት ላይ የወደቀ ኬብል አገኘች፣ "ወልቆ ነው" ብላ በደግነት ባዶ ቀዳዳ ፈልጋ ሰካችው። የኬብሉ ሌላኛው ጫፍም እዛው ስዊች ላይ ነበር። መልዕክቱ እየዞረ እየተባዛ ራሱን ያንቃል። ርካሽ ስዊች ይሄንን የሚከላከልበት የለውም። መብራቶቹ በአንድ ላይ ሲያብዱ ካያችሁ ኬብሎቹን አንድ በአንድ ንቀሉ፣ አንዱ ላይ ስትደርሱ ፀጥ ይላል። እና እባካችሁ ኬብላችሁ ላይ ጫፍና ጫፉ ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ ፃፉበት! "ካሸር"፣ "ሰርቨር"፣ "ሁለተኛ ፎቅ"። ይሄንን ስል ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፣ የሚፅፍ ግን የለም።

ኬብልም ራሱ። መርካቶ ስትገዙ ሁለት ካርቶን ያሳዩዋችኋል፣ አንዱ ርካሽ ነው፣ ደግሞ ቀለል ይላል። ቀለል ያለው ብዙ ጊዜ አልሙኒየም ላይ መዳብ የተቀባ ነው። በምላጭ ፋቅ ፋቅ አድርጉት፣ ውስጡ ነጣ ካለ እሱ ነው፣ መዳብ ውስጡም ቀይ ነው። አልሙኒየሙ ሲታጠፍ ይሰበራል፣ በኬብሉ መብራት የሚወስድ ካሜራ ስትሰቅሉበት ደግሞ ይሞቃል። አንድ ጊዜ ግድግዳ ውስጥ ለሚቀበር ነገር ርካሽ አትግዙ። ርዝመቱ ከ100 ሜትር አይለፍ። ውስጡ ስምንት ሽቦ አለ፣ ሁሉም ከያዘ 1000 ሜጋቢት ይሄዳል፣ አንዱ ካልያዘ ግን ምንም ሳይነግራችሁ ወደ 100 ሊወርድ ይችላል። ጭንቅላቱን ስታስሩ ቀለሙን እንዲህ ደርድሩ፦ ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡኒ፣ ቡኒ። ተማሪዎቼ በእንቅልፋቸው ነው የሚሉት።

እና የማይንቀሳቀስ ነገር ሁሉ በኬብል ይሁን። ዴስክቶፕ ኮምፒውተር እኮ እግር የለውም፣ ዋይፋይ ምን ያደርግለታል? ዋይፋይ ላይ ሁሉም ተራ እየጠበቀ ነው የሚያወራው፣ የአንድ ቻናል ሰዎች በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ ነው የሚናገሩት። በዛ ላይ እዚህ ህንፃ ላይ ስልኬን ከፍቼ ያየሁት ዋይፋይ ስም መዓት ነው፣ ሁሉም 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለው ሞገድ ላይ ተጨናንቋል። እዛ ላይ የማይጋጩት ቻናሎች ሶስት ናቸው፣ 1፣ 6፣ 11፣ በቃ። 5 ጊጋኸርዝ ሰፊ ነው ግን የብሎኬት ግድግዳ ይከብደዋል፣ ስለዚህ እሱን ክፍሉ ውስጥ አምጡት እንጂ ከኮሪደር ማዶ አትጠብቁት።

ሶስተኛው። ማነው የሚበላው?

ይሄን በወሬ አላሳያችሁም፣ ስክሪኑን እዩት። ጥቁር መስኮት ነው፣ ፒንግ 8.8.8.8 ብዬ ሰረዝ ቲ አልኩት፣ እንዳያቆም። ፒንግ ትንሽ መልዕክት ልኮ መልሱ እስኪመጣ ስንት ጊዜ እንደፈጀ የሚቆጥር ነው። ቁጥሩን እዩ፣ መቶ ሃያ፣ መቶ ሃያ ሁለት፣ መቶ አስራ ዘጠኝ ሚሊሰከንድ። ረጋ ያለ ነው አይደል? አሁን ከመሀላችሁ የአዳራሹ ዋይፋይ ላይ ያለ አንድ ሰው ስልኩ ላይ ያለ ረጅም ቪዲዮ ቴሌግራም ላይ ይልቀቅልኝ፣ ለማንም ይሁን፣ የሰርግም ይሁን። ... ለቀቅክ? እሺ። ቁጥሩን እዩ። ሁለት መቶ። አራት መቶ ሰላሳ። ሰባት መቶ... እዩት እዩት! ሺህ አለፈ! አንድ ሰው ነው! አንድ የሰርግ ቪዲዮ! አሁን ማንም ዌብሳይት ለመክፈት ቢሞክር "ኢንተርኔት የለም" ይላል። ኢንተርኔቱ አለ፣ በር ላይ ተሰልፎ ነው። አመሰግናለሁ ወንድሜ፣ አቁመው።

አያችሁ፣ ሁላችንም የምናስበው ስለ ዳውንሎድ ነው፣ ማስታወቂያውም ስለ ዳውንሎድ ነው። ቢሮ የሚያንቀው ግን ብዙ ጊዜ አፕሎዱ ነው። ስታወርዱ ኮምፒውተራችሁ በየጊዜው "ደረሰኝ፣ ደረሰኝ" የሚል ትንሽ መልዕክት ወደ ላይ ይልካል፣ እሱ ሰልፍ ውስጥ ከተያዘ ላኪው "አልደረሰውም" ብሎ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስለዚህ አፕሎድ ሲሞላ ዳውንሎዱም ይሞታል። አፕሎድ የሚሞላው ማነው? የሰራተኛው ስልክ ቢሮ ዋይፋይ ሲያገኝ የእሁዱን ፎቶ ሁሉ ወደ ጎግል ፎቶ ይጭናል። ካሜራው በደመና፣ ኢንተርኔት ላይ ማለት ነው፣ ይቀዳል። አንድ ካሜራ 2 ሜጋቢት ቢወስድ አራት ካሜራ 8 ሜጋቢት ነው፣ ቀን ከሌት። መስመራችሁ 10 ከሆነ ምን ቀራችሁ? ካሜራው እዛው ቢሮ ባለው መቅጃ ሳጥን ላይ ይቅዳ፣ ስትፈልጉ ብቻ በቀጭኑ ምስል ከውጪ እዩት።

ሜጋቢት ካልኩ ላይቀር፣ ሜጋቢትና ሜጋባይት ስምንት እጥፍ ይለያያሉ። 10 ሜጋቢት የገዛችሁት መስመር በሰከንድ 1.25 ሜጋባይት ነው የሚያወርደው፣ በጣም ሲሳካለት። አንድ ጊጋባይት ፋይል ብቻውን ሲወርድ ሩብ ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረውም። አስር ኮምፒውተር በየራሱ የዊንዶውስ አፕዴት ሲያወርድ አስቡት፣ ያውም የግብር ማሳወቂያው የመጨረሻ ቀን ላይ። ዊንዶውስ ውስጥ ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን የሚል አለ፣ አንዱ ያወረደውን ለሌሎቹ በውስጥ ኬብል እንዲያካፍል ታደርጉታላችሁ። ነፃ ነው። ማንም ግን ገብቶ አያየውም።

ከዛ መከፋፈል ነው። ሚክሮቲክ የሚባለው ራውተር ያላችሁ፣ ኪው የሚል ነገር አለው፣ ለእያንዳንዱ ሰው ጣሪያ ታበጁለታላችሁ። እኔ ግን ሁሉንም በእኩል መቁረጥ አልወድም፣ ሌሎቹ ሳይኖሩ ቅዳሜ ብቻዋን የምትሰራ ልጅ 2 ሜጋቢት ላይ ታስራ ስምንቱ ባዶ ሲሄድ ያናድደኛል። ሲጨናነቅ ብቻ እኩል የሚያካፍል አለ፣ ፒሲኪው ይባላል፣ በአዲሱ ስሪት 7 ላይ ደግሞ ኤፍኪው ኮድልና ኬክ የሚባሉ መጥተዋል፣ ያንን ቅድም ያያችሁትን ሰልፍ የሚያሳጥሩ። ሚስጥሩ ጣሪያውን ከመስመራችሁ እውነተኛ ፍጥነት ትንሽ ዝቅ ማድረግ ነው፣ 10 የሚደርሳችሁ ከሆነ 9 በሉት። ለምን? ሰልፉ በናንተ ራውተር ውስጥ ይሁን፣ እናንተ የምታዙት ቦታ። ከዛ ከወጣ በኋላ ማን እንደሚቀድም የምትወስኑት እናንተ አይደላችሁም።

ስለ እንግዳ። ደንበኛ ሲመጣ የቢሮውን ፓስዋርድ ትሰጡታላችሁ፣ እሱም ፒችትሪ ካለበት ኔትወርክ ላይ ይገባል። ጌስት የሚለውን ክፈቱለት፣ ከውስጡ የተለየ ነው። እና የራውተሩን መግቢያ አድሚን አድሚን ብላችሁ የተዋችሁ፣ ዛሬ ማታ ቀይሩት። ዛሬ ማታ።

አንዳንዶቻችሁ ደግሞ "አንድ ትልቅ መስመር አስገብተን ለህንፃው ሱቆች ሁሉ እያካፈልን እናስከፍል" ስትሉ ሰምቻለሁ። ለራስ ቢሮ ማካፈል ሌላ፣ ለጎረቤት መሸጥ ሌላ። የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 አለ፣ አገልግሎት መሸጥ ፈቃድ ይፈልጋል። ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሄዳችሁ ጠይቁ፣ ኬብል ዘርግታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ሳይሆን።

መብራት። ስለ መብራት ሳላወራ ከዚህ አዳራሽ ብወርድ ትስቁብኛላችሁ። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ ባትሪ አለው፣ የፋይበሩ ሳጥንና ራውተሩ ግን ይሞታሉ፣ እነሱ ደግሞ የሚበሉት ትንሽ ነው፣ ብዙዎቹ 12 ቮልት ናቸው። ሚኒ ዩፒኤስ የምትባለው ባትሪ ያላት ትንሿ ነገር ለሰዓታት ልትይዛቸው ትችላለች፣ ቮልቱን አይታችሁ ግዙ ብቻ። ስዊቹንም አትርሱ፣ ራውተሩ በርቶ ስዊቹ ከጠፋ ምን ዋጋ አለው። አባቶቻችን "ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል" ይላሉ፣ ሲም የሚወስድ ሁለተኛ መስመር ራውተሩ ላይ አስገቡና ዋናው ሲቆረጥ ራሱ ይዙር። አሁን ከአንድ በላይ አቅራቢ ስላለ ሁለቱንም ከአንዱ ቤት አትውሰዱ። ሁለት ህንፃ የምታገናኙ ደግሞ በመዳብ ኬብል በአየር ላይ አትወርውሩ፣ ክረምት መብረቅ ሲመታ ሁለቱም ጋ ያለውን ስዊች ይዞ ይሄዳል። ፋይበር ሳቡ፣ መስታወት ስለሆነ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፣ ብረት ጅማት የሌለውን ምረጡ።

ጥያቄ? አዎ፣ ከኋላ ያሉት እናት።

"የኔ ልጅ፣ እሺ ሁሉን አስተካከልን እንበል፣ ለስምንት ሰራተኛ ስንት ሜጋ ልግዛ?"

እትዬ፣ በሰው ብዛት አይቆጠርም፣ በሚሰሩት ነው። ኢሜይልና የመንግስት ዌብሳይት ከሆነ ትንሽ ይበቃል። ቪዲዮ ስብሰባ በሙሉ ጥራት ለአንድ ሰው 4 ሜጋቢት ገደማ ይፈልጋል፣ ወደ ላይም ወደ ታችም፣ ስለዚህ ስንቱ በአንድ ጊዜ ስብሰባ ላይ ይቀመጣል ብለው ይጠይቁ። ዲዛይን ሰርቶ ከባድ ፋይል የሚልክ ልጅ ካለ አፕሎዱን ይጠይቁ፣ ሲዋዋሉ "ወደ ላይ ስንት ነው?" ይበሉ። ከዛ አሁን ባለዎት ፓኬጅ ላይ ይሄን ሁሉ አስተካክለው አንድ ወር ያሂዱት፣ ፒንጉ ሥራ ሰዓት ላይ ረጋ ካለ አይጨምሩ። ቀን ቀን ሁልጊዜ ጣሪያው ላይ ከተለጠፈ ያኔ ይጨምሩ፣ እኔ ራሴ አብሬዎት ሄጄ አስጨምርልዎታለሁ።

ሌላ ጥያቄ ያለው? አዎ፣ ወንድሜ፣ ቪዲዮውን የለቀቅከው።

"ሰርጉ ሄደ ወይ?"

ሄደ፣ ሄደ፣ ሙሉው ደርሷል። እንኳን ደስ አላችሁ በልልን።